ጎማ ለማስነፋት ጎማ ድረስ

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣን። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆች ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከኋላ። የጉዞው ምክንያት አማቴ ናቸው። አጋሮ ነው የሚኖሩት። የዓይን ሞራ እንዲወጣላቸው ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ቀጠሮ ስለነበራቸው፣ ሐሙስ ሄደን እሑድ ይዘናቸው ልንመለስ ነው። አውቶቡስ ያንገላታቸዋል ብለን በራሳችን መኪና ተነሣን።

መኪናችን ከብዙ ሰው መኪና የማትለይ፣ ያገለገለች ኮሮላ ናት። በዋዜማው ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብዬ «40 ንፋልኝ» አልኩት።

«40?» አለ ልጁ።

«ረጅም መንገድ ነው፤ ጭነትም አለ» አልኩት።

ነፋልኝ። እኔም አራቱንም ጎማ በእግሬ ጠለዝ ጠለዝ አድርጌ፣ እንደ ድንጋይ መጠንከራቸውን አይቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብዙዎቻችን የጎማ ምርመራ የምንለው ይህንኑ እርግጫ ነው።

ሰበታንና ተፍኪን አልፈን ቱሉ ቦሎ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። የበቾ ሜዳ ጤፍ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። ልጆቹ ነቁ። ወሊሶ ቁርስ በላን። ከወሊሶ በኋላ ባለቤቴ «ይሄ ው፣ ው፣ ው የሚል ድምፅ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አስፋልቱ ነው።»

«አስፋልቱ ሲቀየርም አለ እኮ።»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ከጀመረም ሰንብቷል፤ ግን ሰው የመኪናውን ጠባይ እየለመደ ሲሄድ ሕመም መሆኑ ይረሳዋል። እጄ ሳላዝዘው ወደ ግራ ትንሽ ይዞ መንዳት ለምዶ ነበር።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጠመዝማዛው ብዙ ነው፣ ከፊት አይሱዙ፣ ከኋላ አውቶቡስ፣ ሙቀቱም በየመታጠፊያው ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን ድልድዩ አካባቢ ወደ 1,100 ሜትር ይወረዳል። በኋላ ቁጭ ብዬ እንዳሰላሁት ይህ ልዩነት ለጎማም ወሬ አለው። የጎማ መለኪያ የሚያሳየን በውስጥ ያለው ነፋስ ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ አዲስ አበባ 32 የነበረ ጎማ ጊቤ ላይ 30 ያህል ባነበበ ነበር። ሙቀቱ ግን አይቆምም። ጎማው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ቆላው የቀነሰውን ሙቀቱ ከእነ ትርፉ ይመልሰዋል። በዚያች ቀን ከሁለቱ የትኛው እንዳሸነፈ ማወቂያ አልነበረኝም። መለኪያ የሚባል ነገር በመኪናዬ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ከጊቤ ወዲያ ያለው ዳገት ሳጃን፣ ሶኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን እያሳየ ወደ ጅማ ያደርሳል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰርቦ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ ይለሰልሳል፣ ይረጥባል። በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ እሸቱ ቀይ፣ የቆየው ጥቁር ቡናማ ነው። ትንሿ ልጄ መስኮቱን ከፍታ «ቡና ቡና አይሸትም እኮ!» ብላ ቅር አላት። እውነቷን ነው። ያልተቆላ ቡና የሚሸተው ጣፋጭ ነገር ሲቦካ የሚሸተውን ነው። ቤት ውስጥ የምናውቀው ሽታ የምጣዱ ነው።

አዳራችን ጅማ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወሰድናቸው። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእንጨቱን ሥራ፣ ሰገነቱን፣ ከላይ ሆኖ የሚታየውን አረንጓዴ አገር ሌላ ጊዜ በሰፊው ብጽፈው ይሻላል። ለዛሬ የሚጠቅመን መውረጃው ነው። ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አሁን አስፋልቱ ነው ማለት አልቻልኩም። ዝም አልኩ።

ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ከጅማ ብዙም ሳይራቅ መልኮ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ያለበት። የቡና ገበሬ ልጅ የሆነችው ባለቤቴ እዚህ ስናልፍ ሁልጊዜ የምትናገረው ታሪክ አላት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ብዙ ገበሬ እርሻውን ሊተው ደርሶ ነበር። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከየጫካው ተፈልገው ተመረጡ። 74110፣ 74112 የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። በአጋሮ አካባቢ ገበሬው ቡናውን በዚህ ቁጥር ሲጠራ መስማት ያስቃል፤ የጎረቤት ስልክ የሚናገር ይመስላል። ይህን ቁጥር የማንበብ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጋሮን የከበበው ወረዳ ስሙ ጎማ ነው። አዎ፣ ጎማ። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናሪያ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ ጋር የሚቆጠረው ያው ጎማ ነው። የመኪናው ጎማ ከጣልያንኛ የመጣ ስለሆነ ዝምድና የላቸውም፤ አጠራራቸው ግን አንድ ነው። ትልቁ ልጄ ይህን ሲሰማ መንገዱን ሙሉ «አባዬ፣ ጎማችን ጎማ ገባ!» እያለ አደረቀን።

አማቴ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ድምፃችንን እንጂ መልካችንን እንደማይለዩ ያስታውቃል፤ የልጆቹን ፊት በእጃቸው ዳበሱ። ጓሯቸው ውስጥ በጥላ ዛፍ ሥር ጥቂት የቡና እግር አላቸው። የዘንድሮው ጀንፈል በጆንያ ተሞልቶ ከግድግዳው ጋር ተደርድሯል። ከሰዓት በኋላ «ጮጬን ለልጆቹ አሳዩአቸው» አሉን። ጮጬ ካልዲ የተባለው እረኛ በፍየሎቹ ምክንያት ቡናን አገኘባት የሚባልባት ቀበሌ ናት። የከፋ ሰዎች ቡና የተገኘው በእኛ ነው ይላሉ፤ አማቴ ፊት ግን ይህን አላነሣም። መንገዱ ጠጠርና ሹል ድንጋይ የበዛበት ነው። ሄደን፣ አይተን፣ በአቧራ ተለውሰን ተመለስን።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ የፊት ቀኙ ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል።

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዲት ኮምፕሬሰርና አሮጌ ጎማ እንደ ወንበር ያደረደሩ ሽማግሌ ጎሚስታ ነበሩ። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው፣ ዳዶዎቹን ፈትተው፣ ጎማውን አወጡ። ቀዳዳውን ወዲያው አልፈለጉም። መዳፋቸውን ጥርሱ ላይ ጭነው ከውጭ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እንዲሁ አደረጉት። በአንድ በኩል ልስልስ ነው፤ በሌላው እንደ መጋዝ ይይዛል።

«አሁን እዚህ እይ፣ ልጄ» አሉኝና የውስጥ ዳሩን ወደ እኔ አዞሩት።

ከውጭ በኩል ለዓመት የሚበቃ ጥርስ ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቷል። ሁለት ጣት በማትሞላ ስፋት፣ ዙሪያውን። የጮጬ ድንጋይ የወጋው ያንን የሳሳ ዳር ነው።

«ጊቤን በዚህ ነው የወረድከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከእነ ልጆቹ?»

መልስ አልሰጠሁም። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እሷም ምንም አላለችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ድንጋይዋ ደጃችን ሳታደርሰን ባትወጋው ኖሮ፣ እሑድ በዚያው ጎማ አምስት ሰው ሆነን ወደዚያው ቁልቁለት እየሄድን ነበር።

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ጫማዬን አዩ። የጫማዬ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። «ሰው አረማመዱ በጫማው ይታወቃል፤ መኪናም እንዲሁ ነው» አሉ። የፊት እግሯ ሸፈፍ ብሏል አሉኝ፤ ቴስቲናው ላልቷል፣ ጎማውም ቀጥ ብሎ በመንከባለል ፈንታ እየተጎተተ ይሄዳል። በአንድ ክፉ ጉድጓድ ብቻ ሊጀምር ይችላል። የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ አስቤ መቁጠር አልቻልኩም። የውስጥ ዳር ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዞ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አሥር ሴኮንድ የማይፈጅ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ኋለኞቹ ጎማዎች ሄዱ። «ሁልጊዜ 40 ነው የምታስነፋው?» አሉኝ። እንዴት አወቁ ብዬ ደነገጥሁ። የኋለኞቹ ጎማዎች መሐላቸው አልቆ ዳርና ዳራቸው ቀርቷል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እንደ ኳስ ያብጥና መሬት የሚነካው በመሐሉ ብቻ ነው። የመያዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ነፋስ ያነሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መሐሉ ይቦጎድና ሁለቱ ዳሮች ይበላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ መጋሉ ነው። ጭነት ይዞ በፍጥነት ሲሄድ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ይኼኛው ነው። ጥርሱ ዙሪያውን ጎድጎድ፣ ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ ካያችሁ ደግሞ ጎማውን ሳይሆን አሞርዛተሩን ጠይቁ፤ መኪናዋ እየዘለለች ነው የምትሄደው።

«ታዲያ ስንት ልንፋ ጋሼ?»

የሹፌሩን በር ከፍተው ብረቱ ላይ ያለችውን ወረቀት ጠቆሙኝ። ስድስት ዓመት ስገባና ስወጣ አልፌያታለሁ። ጽሑፏ ጃፓንኛ ስለሆነ ለእኔ የተጻፈች አልመሰለችኝም ነበር። ቁጥሩ ግን የዓለም ቋንቋ ነው፦ 220 ኪሎ ፓስካል፤ በጎሚስታ ቤት ቋንቋ 32 ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ እንጂ የመኪናዋ ልክ አይደለም። ይህን ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከዚያው ነበርሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ ሰዓቱ ነው። መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ወይ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመች በኋላ። በትኩስ ጎማ የተለካ ቁጥር ይዋሻል። ሞቆ ከፍ ያለውን «በዛ» ብሎ ማስተንፈስም ያው ስሕተት ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል።

እስኮርታው መጣ። ጥርሱ አልተነካም፣ አዲስ ይመስላል። ሽማግሌው ጎኑ ላይ የምትነበብ ትንሽ ሞላላ ክፈፍ ፈልገው ልጄን «አንብብልኝ» አሉት። 0812። ስምንተኛው ሳምንት፣ 2012፤ በፈረንጆቹ። የተሠራበት ቀን ነው። እንደ 74110 ማለት ነው፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ዕድሜው እላዩ ላይ ተጽፏል። ላስቲክ ባይሠራበትም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ በጎኑ ይሰነጣጠቃል። ነፋሱም ከ15 በታች ወርዶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የገንዘብ ነገር መጣ። ቴስቲና፣ አላይመንት፣ ጎማ። እኔ አንድ ያገለገለ ጎማ ገዝተን እንድንሄድ ፈለግሁ፤ የያዝነው ለሕክምናው ነው። ባለቤቴ «ሁለት አዲስ ካልተገዛ እናቴን እዚህ መኪና ውስጥ አላስገባም» አለች። ድምፃችን ሳይጎላ አልቀረም። አማቴ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል።

«ቀጠሮው ይተላለፍ» አሉ መጀመሪያ። ባለቤቴ እንቢ አለች። ቀጠሮውን ለማግኘት ስንት ወር እንደጠበቅን እሳቸውም ያውቃሉ። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያው ከጀንፈሉ ሁለት ጆንያ ይውጣ» አሉ።

«እማማ፣ ኧረ አይሆንም» አልኩ። አማች ሆኜ፣ ልጃቸውን ተረክቤ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በሽቦ ላይ ጭኜ መጥቼ፣ አሁን ደግሞ የዓመት ቡናቸው።

«አንተ አይደለህም የምትጭነኝ? ለራሴ ነው የምገዛው» አሉኝ።

የቡና ነጋዴው ሚዛን ከሰዓት በፊት መጣ። ጆንያዎቹን ወደ ሚዛኑ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ቴስቲናውን ቀይረው፣ ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ሲባጎ ወጥረው በዓይናቸው አስተካከሉት። «ይሄ ጅማ እስክትደርስ ነው፤ እዚያ በማሽን አሠራው» አሉኝ። እስኮርታውን ነፍተው ገጠሙልኝና ከ60 እንዳላልፍ አስጠነቀቁኝ። ጅማ በዚያች ፍጥነት በሰው ሁሉ እየታለፍሁ ሄድኩ፤ ባጃጆች ሳይቀሩ።

ጎማ መሸጫው ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሆራይዘን የሚለው ስም የአዲስ አበባውም ጎማ ፋብሪካ፣ የሊሙን ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የያዘው ድርጅትም ስም ነው፤ ሁለቱም በሚድሮክ ጥላ ሥር ናቸው። በዚህ አገር ቡናና ጎማን በአንድ ቀን ያገናኘሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ተጽናናሁ።

አዲሶቹ ሁለቱ ከፊት የሚገቡ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ከኋላ አስገባቸው፤ ፊቱ ሲንሸራተት ሹፌሩ በመሪው ያውቀዋል፣ ኋላው ሲከዳ ግን የሚይዘው የለም አለኝ። የኋለኞቹ ወደ ፊት መጡ፣ የፊት ግራው እስኮርታ ሆነ፣ 0812 ተጣለ። ከዚያ አላይመንት። ስወጣ የመለኪያ መሣሪያ ገዛሁ፤ እስክሪብቶ የምታክል ናት።

እሑድ ከማለዳው 12 ሰዓት ልጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ አራቱንም ለካ። 32፣ 32፣ 31፣ 32። እስኮርታውንም ለካ፤ ያን ማንም አላዘዘውም። የቫልቩን ክዳኖች እየቆጠረ መለሰ፤ ሁለቱ መኪናዋን ከገዛን ጀምሮ ስለሌሉ ከጅማ ገዝተን ነበር። ሊጫን የነበረው ጎደሬና ሁለት በርጩማ በሌላ ጊዜ እንዲላክ ቀረ። ማሩ ግን አልቀረም። አማቴ ከፊት ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ከኋላ። ጎረቤት ወጥቶ «ነጋን ገላ» ብሎ ሸኘን፤ በሰላም ግቡ ማለት ነው።

መሪው ቀጥ ብሎ ሄደ። የው፣ ው ድምፅ የለም። ሰርቦ ላይ አማቴ «ሬዲዮ አትከፍትም እንዴ?» አሉኝ።

ጊቤ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቀትር ሆኗል፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። ዳር ይዤ አቆምኩና ልጄ መለኪያውን ይዞ ወረደ።

«አባዬ፣ 36 ሆኗል! እናስተንፍሰው?»

«ተወው። ማታ ቤት ሲደርስ ይወርዳል።»

አማቴ መስኮቱን እንዲከፍቱላቸው ጠየቁ። ወደ ወንዙ ዞረው ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ።

«ውሃው እንዴት ነው? ሞልቷል?» አሉ።

ትንሿ ልጄ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ የምታየውን ትነግራቸው ጀመር።